ቀለም የቆጠረ

በፉልዋጋት ከተማ፣ በጋንዳክ ወንዝ ዳር፣
ጃንኪ ላል የሚሉት ጸሐፊ ነበር፣
ቀለም የቆጠረ።
አንድም፣ በልጅነቱ ፋርሲን ቀስሞ፣
እንግሊዝኛውን ከሰካራም መርከበኛ ለቅሞ፣
በብዕሩ ያደረ፤
አንድም፣ ከፋብሪካው በር፣ ከሚዛኑ ሥር ቆሞ፣
የደረቀ ሰማያዊ ጡብ ሲቆጥር የኖረ።

የአውራጃ መቀመጫ ነበረች፤ ፍርድ ቤት ያላት፣ ወህኒ ያላት፣
ከዋርካው ሥር ምስክር በሁለት አና የሚከራይባት፣
ከሳሽና ተከሳሽ ከአንድ ቁና ሽምብራ ገዝተው የሚበሉባት።
የእንፋሎት መርከብ ሲያፏጭ ዳኛው ሰዓቱን ያስተካክላል፤
ወንዙ ግን ሰዓት የለውም፣ በፈለገው ቀን ይሞላል።

የተቆረጠ እንጨት ሲያድግ ማን አይቶ ያውቃል?
የሳሂብ ክራብትሪ ቀርከሃ ግን በየዓመቱ ያድጋል፤
ያ ጫፉ ናስ የለበሰ፣ መሬት የሚለካበት።
ዘንድሮም «አንድ» ይባላል አምና «አንድ» ያሉት፣
ማሳው ሆዱ ሰፍቶ፣
የገበሬው ሩዝ ወደ ጥግ ተገፍቶ።
ከሃያ እጅ ሦስቱ ለኢንዲጎ ይታረሳል፤
ቀለም አይበላ፣
ብድሩ ግን ይበላል።

ጎብርደን ማላህ ጀልባ ቀዛፊ ነበረ፤
በአባቱ ዕዳ ተይዞ ከገንዳ ውስጥ ቀረ።
ወራጅ ውሃ የለመደ ክንድ
ቅጠል የበሰበሰበትን፣ የታቆረ ውሃ ሲመታ፣
ከጠዋት እስከ ማታ፣
አረንጓዴው አረፋ ሰማያዊ እስኪሆን፣
እሱም እስከ ደረቱ ሰማያዊ እስኪሆን።
ዝናቡ ሳያባራ ሞተ።
ሲያቃጥሉት ጭሱ ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤
ስለ ጭስ የሚወራውን እኔ ብዙም አላምን።
የማውቀው፣ በሦስተኛው ቀን ሱጊያ መምጣቷን፣
ሚስቱ፣
በጎኗ አንጠልጥላ ልጇን።

«የባሌ ዕዳ ስንት ቀረው?»
መዝገቡን ገለጠ፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ ነዳው።
«አርባ ሰባት ሩፒ።»
«ለዚህ ይዞራል?»
«ይዞራል።»
አላለቀሰችም። ያን ቀለም የጠጣ ጣት አየችና፣
«አንተንም ነክረውሃል» ብላው ወጣች፣
ነጠላ ጫማ በሌለው እግሯ፣ በፍርድ ቤቱ ጎዳና።

ለልጁ እንደነገረው፣ ያን ሌሊት፣
የእሳት ራት ከፋኖሱ መስታወት ሲላተም፣
ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ቃል ጻፈ፦ «ተከፍሏል»።
ከቃሉ ጫፍ ላይ የቀለም ጠብታ ወድቋል።
በዚያው መዝገብ ሌሎች ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስሞች ነበሩ፤
ሳይነኩ አደሩ።

ለምን የእሷን ብቻ?
እንጃ።
የአያቴ አባት ነውና ጀግና ባደርገው በወደድኩ፤
ግን የደመወዝ ደረሰኙን ከሳጥኑ አገኘሁ፣
እስከ መጨረሻው ወር፣
ፊርማው ሳይዛነፍ።

ኋላ ወንዙ መንገድ ቀየረ፤ ዳርቻውን ቆርሶ በላ፣
መጋዘኑን፣ ሚዛኑን፣
የክራብትሪን ሚስት መቃብር ከነድንጋይ መልአኩ፣
መዝገቡንም ሁላ።
ወንዝ ፊደል አልቆጠረ፤
የተከፈለውን ካልተከፈለው ሳይለይ ባንድ ጉርሻ ውጦ ነጎደ።
ውሃው ሰማያዊ አልሆነም።
እንደ ልማዱ ጭቃውን ለብሶ ወረደ።

አንድ ገንዳ ተርፏል። ጎሽ ዝናብ ይጠጣበታል።
ትናንት ወደ ማዶ ያሻገረኝ ልጅ ዘሩ ማላህ ነው፤
የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኩት፣
የማን እንደሆንኩም አልነገርኩት።
ዋጋው አሥር ሩፒ ነበር፤ ሃያ ሰጠሁት፣
«መልሱ ይቅር» አልኩት።
መዳፉን በሸሚዙ ጠረገ፤
አሥሩን መለሰልኝ፣
በሳንቲም፣
አንድ በአንድ
ቆጥሮ።